የሣር አይጥ ማየት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አጥር ፈልጉ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ አንድ የታጠረ ቦታ እጠብቃለሁ። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ፋብሪካ ሊሠራበት ታጠረ፣ ምሰሶ ቆመለት፣ ግማሽ ጣሪያ ያለው መጋዘን ወጣለት፣ እዚያ ላይ ሥራው ቆመ። አሁን ግቢው ውስጥ ያለነው እኔ፣ ቦቢ የሚባል ውሻ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ሬዲዮ ነን። ሰው «ምኑን ነው የምትጠብቀው?» ሲለኝ «ሣሩን» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

ሣሩ ውስጥ አይጥ አለች። የጓዳዋን ማለቴ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ወጥታ ሣር የምትበላ፣ የራሷ መንገድ ያላት የዱር አይጥ ናት። የመጀመሪያ ቀን ሳያት የታመመች መስሎኝ ነበር። ጤነኛ አይጥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ምን ያወጣታል? በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ። ሦስቱም አንድ ላይ አይታመሙም መቼም።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ተሰማና ሰው ይመጣል። የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራ ይዞ መጣ። ወፍ የሚያዩ ወጣቶች ይመጣሉ። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ስህተት ነው፤ ሰፊው ሜዳ መሃል ሄደው ይገተራሉ። እንደዚያ አድርገው ምንም አያዩም። በየጊዜው ከምደጋግመው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

መጀመሪያ ማንን እንደምትፈልጉ ልንገራችሁ። የሣር አይጧ የሳይንስ ስም አርቪካንቲስ አቢሲኒከስ ነው። ስሟ እንደሚለው የሐበሻ ናት፤ ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። ለዓለም ያስተዋወቃት ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1830ዎቹ አገራችንን ዞሮ ሄዶ፣ ስለሷ የጻፈው በ1842 ወጣ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን የነገረኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አንድ በጋ ሙሉ እኔ ግቢ ውስጥ አይጥ ሲያጠና ከርሟል። ከዚያ በፊት እኔም እንደ ማንም «አይጥ» ብቻ ነበር የምላት። ከብት የሚያግደው ልጅ ደግሞ በኦሮምኛ «ሃንቱታ» ይላታል፤ እሱም ቢሆን የቤቷንም የዱሯንም በዚያው ስም ነው የሚጠራው።

መልኳ እንዲህ ነው። ከጓዳዋ ትንሽ አይጥ ትበልጣለች፣ ከትልቁ አይጠ መጎጥ ታንሳለች። ደልደል ያለች ናት። ጆሮዋ ክብና አጭር ነው። ፀጉሯ ቡናማ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ነገር ጣል ያደርግበታል፤ የገብስ ቆሎ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ዋናው ምልክት ጅራቷ ነው። ከሰውነቷ ያጥራል። ከሰውነቱ የረዘመ ራቁት ጅራት የሚጎትት ካያችሁ እሱ ምናልባት ከመንደር የመጣ ነው፤ ተዉት።

ብቻዋን ግን አይደለችም። እዚያው ሣር ውስጥ ፀጉሯ እንደ ጫማ ብሩሽ የሻከረ ሌላ አይጥ አለች፣ ሎፉሮሚስ ይሏታል። እሷ ከሣሩ ይልቅ ትልና ነፍሳት ትወዳለች። ቆዳዋ ስስ ስለሆነ በትንሽ ነገር ይቀደዳል፣ ጅራቷም ቶሎ ይበጠሳል። ተማሪው «ጋሼ፣ ይቺን በጅራት እንዳትይዛት፣ ጅራቷን ይዘህ ነው የምትቀረው» ብሎ አስጠንቅቆኛል። አውራ ጣት የምታክል ትንሽዬም አለች፣ ሙስ ማሆመት የምትባል። በ1896 ስም የወጣላት ሼክ መሐመድ ከሚባል የአገራችን ቦታ በተገኘች አይጥ ነው። አይጥ በስሙ ሲጠራ የቦታው ሰው ምን እንዳለ አላውቅም።

አንዷን ደግሞ እስካሁን በዓይኔ አላየኋትም። ዴንድሮመስ ሎቫቲ ትባላለች። ጀርባዋ ላይ ሦስት ጥቁር መስመር አላት። በሳይንስ የተመዘገበችው በ1900 ሲሆን መጀመሪያ የተገኘችው እዚሁ አዲስ አበባ አጠገብ፣ መናገሻ ነው። የምትኖረው በደጋ ሣር ሜዳ ላይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የለችም። የሰው ልጅ ከአገር አገር አንበሳ ለማየት ይሄዳል። እኔ ሚኒባስ ተሳፍሬ መናገሻ ሄጄ፣ ሦስት መስመር ያላት አይጥ ስፈልግ ውዬ፣ እግሬን እሾህ ወግቶኝ ተመልሻለሁ። አሁንም እሄዳለሁ።

ወደ አጥሩ ልመለስ። ሱሉልታን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ ጀርባ ስትወርዱ አረንጓዴ ሜዳ ይዘረጋል። ከመኪና ሲታይ ሣር በሣር ነው። ወርዳችሁ ስትረግጡት ግን እንደ ተላጨ ራስ ነው። ከብቱ፣ በጉ፣ አህያው፣ ፈረሱ ሲግጠው ይውላል። የሣር አይጥ ደግሞ ቀን ነው የምትወጣው። ሰማይ ላይ ጭልፊት እያንዣበበ በተላጨ መሬት ላይ አትሄድም። ጣሪያ ያስፈልጋታል። ጣሪያዋ ሣሩ ነው።

ስለዚህ ከብት የማይገባበትን ፈልጉ። በከተማው ዙሪያ እንደዚህ ያለ ቦታ ከምታስቡት በላይ ሞልቷል። እንደኔ ግቢ ታጥሮ ሳይሠራበት የቀረ መሬት አለ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አለ። የአስፋልት ዳር ቦይ፣ የድንጋይ ካብ ሥር፣ በሁለት ማሳ መሃል የቀረ ድንበር አለ። ሱሉልታ ብቻ አይደለም፤ ለገጣፎም ሰንዳፋም ገፈርሳም ያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አባቶችን አስፈቅዱ። የታጠረ መሬት ከሆነ ዘበኛውን አስፈቅዱ፤ እኔ ሻይ ይዞ የመጣ ሰው ከልክዬ አላውቅም።

ባህር ዛፍ ሥር በመፈለግ ግን አትድከሙ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማችንን ከቧት የኖረ ዛፍ ነው፤ ለማገዶም ለቤት መሥሪያም ባለውለታችን ነው። ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ግን ሥሩ ቅጠልና ቅርፊት እንጂ ሣር የለም። ሣር ከሌለ እሷም የለችም።

ቦታው ይሁን አይሁን በዱላ ለዩ። ሣሩን በዱላ ገለጥ አድርጉት። ከላይ ጉልበት የሚደርስ ሆኖ ሥሩ ላይ አፈሩ በቀላሉ የማይታይ ከሆነ ጥሩ ነው። ሰንበሌጥ ብቻውን ቢያምርም ከሥሩ ባዶ ይሆናል። ሰርዶው፣ ጋጃውና ማገጡ ተደባልቆ የተነጠፈበት ይሻላል። በእጃችሁ ግን አትግለጡ። አይጥ ያለበት እባብም አለ። እኔ በስድስት ዓመት አራት ጊዜ አግኝቻለሁ። አራቱንም ጊዜ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ምልክት ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የአፈር ቁልል ነው። እፍኝ ሁለት እፍኝ የሚሆን ትኩስ አፈር፣ በመስመር እዚህም እዚያም ተቆልሎ ታያላችሁ። «ይኸው የአይጡ ጉድጓድ!» ይላሉ። እሱ ፍልፈል ነው። ፍልፈል ከመሬት በታች ሥር እየበላ የሚኖር ሌላ እንስሳ ነው። አፈሩን ወደ ላይ ይገፋና በሩን ይዘጋል። የሣር አይጥ በር ግን ክፍት ነው፤ ሦስት ጣት አንድ ላይ የሚያስገባ ያህል ነው፣ ደጃፉም ንጹሕ ነው። ቁልል ካያችሁ እለፉት።

ዋናው ምልክት መንገዷ ነው። ቁጭ ብላችሁ ሣሩን በጎን እዩት። በሣሩ ሥር ሦስት አራት ጣት የሚሰፋ ዋሻ የመሰለ ጠባብ መንገድ ታገኛላችሁ። ወለሉ ተረግጦ ተረግጦ ልስልስ ብሏል። ከላይ ሣሩ ገጥሞ ሸፍኖታል። ከበሯ ተነስቶ ወደ መብሉ ይሄዳል፣ ይገነጠላል፣ ይገናኛል። እኔ ግቢ ውስጥ ያለውን አንድ ቀን ወረቀት ላይ ልስለው ሞክሬ፣ ሳበቃ የመርካቶ ጉራንጉር ሆኖ አገኘሁት። በሁለት ቀጥ ያሉ መንገዶች መሃል አንዲት ጠማማ መንገድ ነበረች። ለምን ጠመመች ብዬ ሳይ አንድ ድንጋይ ዞራ ነው። ያንን ድንጋይ እኔ ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት። ወንበሬ እንዳይነቃነቅ የማስደግፈው ነበር።

መንገዱ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የተቆረጠ ሣር ነው። የሣሩን አገዳ ከሥር ትቆርጠውና፣ እያሳጠረች እየጎተተች ለስላሳውን ትበላለች፤ የተረፈው እንደ ክብሪት እንጨት ተቆራርጦ እዚያው ይቀራል። ቁርጡን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ሰያፍ ነው። በሬ የጋጠው እንደዚያ አይሆንም፤ የተበጣጠሰ ነው። ሁለተኛው ፋንድያዋ ነው። የሩዝ ፍሬ የሚያክል ሆኖ፣ ትኩሱ አረንጓዴ ቢጤ ነው፣ ሣር በል ናትና። የቆየው ይጠቁራል። አረንጓዴ ካገኛችሁ ባለቤቷ ሩቅ አይደለችም።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ፣ አመዱ። ግን መጀመሪያ የሠራሁትን ጥፋት ልናገር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ የግቢው ባለቤት ደወሉ። «ሣሩ ይታጨድ፣ ቦታው ባዶ መምሰል የለበትም» አሉ። ባዶ እንዳይመስል ሣሩን ማጨድ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ታጨደ። በሳምንቱ የዘበኛ ቤቴ ውስጥ አይጥ ገባ። ቆሎዬን በላ፣ የሹራቤን እጅጌ በላ፣ ሳሙናዬን ሳይቀር በላ። ተናደድኩ። ከሱቅ መርዝ ገዛሁና ሣሩ ውስጥ ባሉት መንገዶች ሁሉ ላይ በተንኩት። ከሜዳው የመጡ መስሎኛል። አምስት ስድስት የሣር አይጥ ሞተው አገኘሁ። ቆሎዬ ግን መበላቱ አልቆመም።

በሳምንቱ መጋዘኑ ወራጅ ላይ የምታድረዋ ጉጉት ከታች ወድቃ ሞታ አገኘኋት። መርዝ የበላች አይጥ በልታ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ የመረመራት የለም። የአይጥ መርዝ አይጧን የበላውንም እንደሚገድል በኋላ ነው የሰማሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢው ያለ ጉጉት ከረመ። ጉጉት ሟርተኛ ናት የሚሉ ጎረቤቶቼ «ተገላገልክ» አሉኝ። እኔ ግን ሌሊቱ ጭር አለብኝ።

ተማሪው ሲመጣ ታሪኩን ነገርኩት። ምንም አላለኝም። «አመድ አለህ?» ብቻ አለ። አመድማ ሞልቷል።

የሚደረገው እንዲህ ነው። የተነፋ አመድ ውሰዱ። ዱቄትም ይሆናል፣ ግን አይጧ ትበላዋለች፣ እናንተም ትከስራላችሁ። መንገዷ ላይ እጅ የሚያክል ቦታ ላይ በስሱ ነስንሱ፤ እንጀራ ላይ ሚጥሚጣ እንደምትነሰንሱት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነስንሱና እኩለ ቀን ላይ እዩ። ከዚያ ጠርጋችሁ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ነስንሱና ንጋት ላይ እዩ። በቀኑ አመድ ላይ ዱካ ካለ ያለፈችው የሣር አይጧ ናት ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም፤ እሷ የቀን ሠራተኛ ናት። በሌሊቱ ላይ ብቻ ከሆነ ሌላ ነው። የፊት እግሯ ዱካ አራት ጣት፣ የኋላው አምስት ነው። ነፋስ ካለ አይሠራም፣ ጤዛ ከበዛም ይቦካል። ከመስከረም በኋላ ይሻላል።

ያን ዕለት በዘበኛ ቤቴ ደጃፍም አመድ ነሰነስን። ቀን ምንም የለም። ሌሊት ግን ሠርግ ያለበት ይመስላል፣ ዱካው በዱካ ላይ ነው። የጓዳ አይጥ ነበር። ከሣሩ ሳይሆን ከጎን ካለው የተጣለ የእንጨት ክምር ነው የሚመጣው። እኔ ሣሩ ውስጥ ያሉትን ፈጀሁ፣ ሌባው እንጨቱ ሥር ተቀምጧል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ተረት ለኔ የተተረተ መሰለኝ። እንጨቱን አነሳሁት፣ ቆሎዬን ክዳን ባለው ጣሳ አደረግኩት፤ ነገሩ አለቀ።

መንገዱን በአመድ ካረጋገጣችሁ በኋላ መቀመጥ ነው። ከመንገዱ አምስት ስድስት እርምጃ ራቁ። ፀሐዩ ከጀርባችሁ ይሁን፣ ጥላችሁ ግን መንገዱ ላይ እንዳያርፍ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አይጧ ከሁሉ የምትፈራው ከላይ የሚመጣ ጥላ ነው፤ ጭልፊት ማለት ለሷ ጥላ ነው። ቆማችሁ ከምትጠብቁ ተቀመጡ። ኩርሲ ወይም ጄሪካን በቂ ነው። ከተቀመጣችሁ በኋላ አትንቀሳቀሱ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ባዶ ናቸው፤ ስትመጡ ሰምታችኋለች፣ ገብታለች። ብዙ ሰው በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ይነሳል። «የለም» ይላል፣ ይሄዳል። እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ እሱ አጥሩን ሳያልፍ ብቅ ትላለች።

ሰዓቱ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ነው፤ ጤዛው ሲደርቅ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ። ቀትር ላይ እኔም እሷም እንተኛለን።

መጀመሪያ የምታዩት እሷን አይደለም፤ የሚነቃነቅ አንድ የሣር ጫፍ ነው። ሌላው ሣር ጸጥ ብሎ አንዱ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ወደ ታች ይሰምጣል። ከሥር እየቆረጠች ነው። ዓይናችሁን እዚያ ላይ አድርጉ። በኋላ እግሯ ቁጢጥ ብላ ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ ስትበላ ታይዋታላችሁ፤ ሸንኮራ የምትበላ ልጅ ነው የምትመስለው። ከዚያ ድንገት ድርቅ ትላለች። እናንተም ድርቅ በሉ። ካልሳላችሁ ወይ ስልካችሁ ካልጮኸ ትቀጥላለች።

ስልክ ካልኩ አይቀር፤ ፎቶ ከፈለጋችሁ ስልኩን በድንጋይ አስደግፋችሁ ከመንገዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቪዲዮ ላይ ተዉትና ራቁ። ድምፁን አጥፉ። የእህቴ ልጅ እንደዚያ አድርጎ አርባ ደቂቃ ቀረፀ። ሠላሳ ስምንቱ ሣር ነው፣ አንዱ የቦቢ አፍንጫ ነው፣ የቀረው ግን እናትና ሁለት ልጆች ናቸው። ውሻ ካለ እሰሩ ማለት ነበረብኝ። አሁን አልኩ።

ተማሪው ቀን የምትወጣ መሆኗ ትልቅ ነገር ነው ይላል። የሷ ዘመድ የሆነችውን የናይል የሣር አይጥ ሳይንቲስቶች ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሳድጓታል። ምክንያቱም የተለመደችው የላብራቶሪ አይጥ ሌሊት ነው የምትነቃው። የሰውን እንቅልፍና የቀን ሰዓት ለማጥናት እንደ ሰው ቀን የምትነቃ ይሻላል። ባሌ ተራራ ላይ ደግሞ ሌላ ዘመድ አላት፣ አርቪካንቲስ ብሊኪ። እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ሜዳ ከግዙፉ ፍልፈል ጋር ተካፍላ ትኖራለች። ሁለቱም ለቀይ ቀበሮ ዋና ቀለቡ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድነው የሚበላቸው በቀን ስለሚወጡ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አምስት መቶ ገደማ ቢሆኑ ነው፤ የነሱ ኑሮ በአይጥ ላይ የቆመ ነው ብሎ ሲነግረኝ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

እኛ ጋ ቀይ ቀበሮ የለም። ጭልፊት ግን አለ። አንዱ ትልቁ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ ቀይ ነው። የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ይውላል። መኪና ውስጥ ሆናችሁም ቦታ ለመምረጥ እሱን ተከተሉ። አንድ ምሰሶ ላይ በተደጋጋሚ ካያችሁት ከሥሩ አይጥ አለ ማለት ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይባላል፤ ሱሉልታ ላይ ምስክሯ ጭልፊት ነው።

ለመቀመጥ ትዕግሥት የሌለው ሰው ጉጉት ይፈልግ። ዓምና አንዲት መጣች፣ ፊቷ ነጭና የልብ ቅርፅ ያለው፣ መጋዘኑ ወራጅ ላይ። ጉጉት አይጥ እንዳለ ትውጥና ሆዷ ያልፈጨውን ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ ትተፋዋለች። ከሥሯ ጥቁር፣ አውራ ጣት የሚያህል ድብልብል ነገር ታገኛላችሁ። ኩስ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙም አይሸትም። በጓንት ወይ በፌስታል አንሱት። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ በስቴክኒ ፈልቅቁት።

ራስ ቅል ይወጣል። ከፊት ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ረጃጅም ብርቱካንማ ጥርስ ካለውና ከነሱ ኋላ ባዶ ቦታ ተትቶ መንጋጋው ከጀመረ አይጥ ነው። ጥርሱ ከፊት እስከ ኋላ ነጭና ሹል ሹል ሆኖ ያለ ክፍተት ከተደረደረ አይጥ አይደለም፤ ያቺ አፈ ሹሏ፣ አይጥ መሳይዋ ነፍሳት በል ናት። ስንት እንደተበላ ለማወቅ የራስ ቅሎቹን ቁጠሩ። ከተሰባበሩ የታችኛውን መንጋጋ ግራ ግራውን ብቻ ቁጠሩ። እኔና የእህቴ ልጅ ከአንዱ ውስጥ አራት አወጣን። እናቱ ምሳ አልበላችም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉጉቷ የምታድነው ሌሊት ስለሆነ የምትነግራችሁ በአብዛኛው ስለ ሌሊቶቹ ነው። የሣር አይጧ እዚያ ውስጥ ጥቂት ብትሆን አይግረማችሁ። የሷን ከጭልፊቱ ምሰሶ ሥር ፈልጉ፤ እሱም ይተፋል።

ወቅቱ ቀላል ነገር አይደለም። መስከረም ሁሉም ሰው መምጣት ይፈልጋል፤ አደይ አበባ አለ፣ ሜዳው ያምራል። ለአይጥ ግን አይሆንም። ሣሩ ረጅም ነው፣ ምንም አይታይም። ጥሩው ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ነው። ሣር ይታጨዳል፣ ከየቦታው የተባረረው ሁሉ አጥር ሥር ወደቀረው ሣር ይሰበሰባል። ያኔ በአንድ ጠዋት ሰባት ስምንት አይቻለሁ።

ከጥር በኋላ መሬቱ ይሰነጠቃል። የሱሉልታ ጥቁር አፈር መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። አይጦቹ ሳይቆፍሩ ቤት ያገኛሉ። ያኔ መንገዷን ሣር ውስጥ ብቻ አትፈልጉ፣ ከስንጥቅ ስንጥቅ ስትሮጥ ታይዋታላችሁ። ክረምት ሲገባ ያው ስንጥቅ ይዘጋል፣ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ከፍ ወዳለው፣ ወደ ካቡና ወደ ድንበሩ ይሸሻሉ። ክረምት ላይ እኔም ከቤቴ አልወጣም።

ስለ ገበሬው ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው አይጥ የማየው። ገብስ ዘርቶ ሌሊትና ቀን የተበላበት ሰው ፊት «ስታምር!» ብትሉ ልክ አትሆኑም። አንድ ጎረቤቴ ከማሳው ዳር ያለውን ሣር አቃጠለ፤ አልተከራከርኩትም። የጠየቅኩት ጉጉቷ የተፋችውን ነገር እንዲያይልኝ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ከግቢዬ የጉጉት ትፋት ወስጄ ፊቱ ፈለቀቅኩት። ቆጠረ። «ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት?» አለ። ዘንድሮ መርዝ አልገዛም። የአመዱን ዘዴ ግን ሚስቱ ናት የወደደችው፣ ጎተራው ደጃፍ ላይ ትነሰንሳለች።

እጅን በተመለከተ አጭር ነው። አትንኩ። ልያዛት ያለ ሰው ይነከሳል፣ ጥርሷ የሣር አገዳ የሚቆርጥ ነው። ሽንቷና ፋንድያዋ በሽታ ያስተላልፋል፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚሉት እርጥብ መሬት ላይ ባለ ሽንት በቁስል በኩል ይገባል። ክፍት ጫማ አታድርጉ፣ ስትመለሱ በሳሙና ታጠቡ፣ የደረቀ ፋንድያ አቧራውን እያቦነናችሁ አትጥረጉ። ተማሪው አልሙኒየም ሳጥን ዘርግቶ፣ የለውዝ ቅቤ አድርጎበት፣ በሕይወት እየያዘ፣ መዝኖ ይለቃቸው ነበር። እሱ ጓንትም ፈቃድም ነበረው። የዱር እንስሳ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አይጥም ብትሆን።

የቀረኝ የማጨዱ ነገር ነው። ግቢ ያለው ሰው ይህን ቢያነብ ብዬ ነው። ባለቤቱ በየዓመቱ ኅዳር ላይ መደወላቸውን አልተዉም። እኔም አጫጆቹን አስገባለሁ። ከዳር ጀምረው ወደ መሃል እንዲያጭዱ ግን አልፈቅድም፤ እንደዚያ ከሆነ ያለው ሁሉ መሃል ላይ ይከበባል፣ መጨረሻ ላይ በማጭድና በውሻ ያልቃል። ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ይሄዳሉ። አጥሩ ሥር ዙሪያውን ሦስት እርምጃ ሣር ይቀራል። አጫጆቹ መጀመሪያ ሲስቁብኝ ነበር። ዘንድሮ አንዱ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ያቺ ሁለተኛዋ ምሰሶ ጋ ያለችው ልጆች አሏት እንዴ?» አለኝ።

አሏት። አራት ናቸው። ባለቤቱ ስለቀረው ሣር እስካሁን አልጠየቁም።